ሁልጊዜ ውድድር ያለባት እትዬ

በየቤቱ አንድ ውድድር ያለበት ሰው አይጠፋም። ውድድሩ መቼ ነው ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁልጊዜ ቅርብ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምሳ ሲቀርብለት ውድድር አለበት። ሰሃን ሲታጠብ ውድድር አለበት። ማቀዝቀዣ አምስተኛ ፎቅ የሚወጣ ከሆነ ግን ከየት መጣ ሳይባል ከች ይላል፤ ሸክም ልምምድ ነዋ! የናንተው አጎታችሁ ሊሆን ይችላል፤ ወይም መሥሪያ ቤት አጠገባችሁ የሚቀመጠው፣ በሩጫ ጫማ ስብሰባ የሚገባው ሰውዬ። ለእኔ የደረሰችኝ የባሌ ታላቅ እህት ናት።

ክብርት እትዬ የጁዶ ተጫዋች ናት። «ነበረች» ያለ ሰው ወዮለት። ከበታችን የሚኖረው ጡረታ የወጣ አናጢ አንድ ቀን በቅን ልቦና «ድሮ ስፖርተኛ ነበርሽ አሉ» ቢላት፣ ኮሌታውን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋ «ድሮ?» አለችው። ያቺን ብቻ ነው ያለችው። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ባገኛት ቁጥር «ውድድር እንዴት ይዞሻል?» ይላታል እንጂ ሌላ ሰላምታ ጠፍቶበታል።

ጁዶን ለማታውቁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ወፍራም ልብስ ለብሰው ምንጣፍ ላይ ይወጡና እጅ ይነሣሣሉ። ከዚያ ኮሌታና እጅጌ ተያይዘው አንዱ ሌላውን በጀርባው ይፈጠፍጠዋል። ሲያበቁ እንደገና እጅ ይነሣሣሉ።

«ሰው ፈጥፍጦ እጅ መንሣት ምን የሚሉት ነገር ነው?» ብያት ነበር።

«ሙሽሪት፣ እሱማ ነው ጨዋታው» አለችኝ። «መጣሉንማ ባለጌም ይጥላል።»

ሙሽሪት የምትለው እኔን ነው። ከተጋባን ስምንተኛ ዓመታችንን ይዘናል፤ ልጄ አራት ዓመቷ ነው፤ ለእትዬ ግን ዛሬም ሙሽራ ነኝ።

እሷ ወደዚህ አገር ከመጣች ስድስት ዓመቷ ነው። እኔና ባሌ ቀድመን ገብተን፣ ሁለት ክፍልና አንድ ሳሎን ተከራይተን፣ «ለጥቂት ወር እኛ ጋ ትረፍ» ተባብለን ተቀበልናት። ሻንጣዋን ስንከፍተው ሁለት የጁዶ ልብስ (አንደኛው ከውፍረቱ የተነሣ ብቻውን ይቆማል)፣ ጠርዙ ያለቀ ጥቁር ቀበቶ፣ አንድ ቀሚስና አንድ ነጠላ ጫማ ወጣ።

«ሌላው ልብስሽስ?» አላት ባሌ።

«ከኪሎ በላይ ሆነብኝ» አለች። ያኔ ነበር መንቃት የነበረብን። ይህች ሴት ከሚዛን ጋር ያላት ጉዳይ ገና ከአውሮፕላን ማረፊያው የጀመረ ነው።

ባገሯ ስድስት ዓመት ለብሔራዊ ቡድን ተሰልፋለች። እዚህ ስትመጣ የሚያውቃት አንድ ሰው አልነበረም፤ እሷም አንድ ቀን «እኔ እንዲህ ነበርኩ» ብላ አላማረረችም። ይልቅ በመጀመሪያው ሳምንት የሳሎኑን ጠረጴዛ ግድግዳ አስጠግታ፣ ፍራሻችንን መሬት ዘርግታ፣ እኔንና ባሌን መውደቅ ማስተማር ጀመረች። «ሰው መጀመሪያ መውደቅ ይማር፤ መቆሙ የትም አይሄድም።» አገጭ ወደ ደረት፣ ጀርባ እንደ ጎማ፣ ክንድ ወለሉን በጥፊ። ልጄ ስትወለድም ተራው ደረሳት፤ ዳዴ ሳትል መውደቅ ያወቀች ሕፃን የእኛዋ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ትምህርቱ ከንቱ አልቀረም። ባሌን አንድ ዝናባማ ቀን የሕንጻችን ደረጃ አዳለጠው። አወዳደቁ እስከዛሬ ይወራል፦ አገጩ ወደ ደረት፣ ጀርባው ክብ፣ ክንዱ ሲሚንቶውን በጥፊ! አንዲት አጥንቱ አልተነካችም። ችግሩ በዚያው በመታበት እጁ ሠላሳ እንቁላል መያዙ ነበር። ክብርት እትዬ ከላይኛው ደረጃ ላይ ቁልቁል አየችውና «ዘጠኝ ከአሥር» አለችው።

«አንዷ ለምን ተቀነሰች?» አላት፣ አስኳሉን ከዓይኑ ላይ እየጠረገ።

«አገጭህ ዘገየ።»

የምትሠራው ሆስፒታል፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። እዚያ አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ነው፤ አንዷ ከዚህ አንዷ ከዚያ ጫፍ ይዘው ወጠር ያደርጉና ተራምደው ይገናኛሉ። ከእትዬ ጋር ሲሆን ግን መራመድ የለም። እሷ ወጠር ስታደርግ ባልደረባዋ ከነአንሶላው እጇ ላይ ትደርሳለች። አዲስ የተቀጠረች አንዲት ልጅ በመጀመሪያው ቀኗ ሦስት ጊዜ እንዲህ እየበረረች ከደረሰች በኋላ «ምን አድርጌሽ ነው እትዬ?» ብላ ልታለቅስ ደረሰች። «ምንም የኔ ልጅ» አለቻት፣ «እግርሽን ሰፋ አድርገሽ ቁሚ፤ ወገብሽን ዝቅ።» ልጅቷ አሁን እንደ ምሰሶ ናት፤ አውቶቡስ ሲገፋፋ ንቅንቅ የለም።

በምግብ ነገር ግን መከራዬን አይቻለሁ። ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሲጾም ሌላው የሚበላው አይጥመውም። ሩዝ ሲቀርብ «ውድድር አለብኝ»። የልጄ የልደት ኬክ ሲቆረስ «ውድድር አለብኝ፣ በዓይኔ በልቻለሁ»። አንድ ጊዜ እንግዶች ባሉበት አንዲት ድንች ላይ ረጅም ጊዜ አፍጥጣ ቆየችና «አንቺን ከውድድር በኋላ» አለቻት። እንግዶቹ ለማን እንደተናገረች ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩ። የምትጫወተው ከሃምሳ ሰባት ኪሎ በታች ነው፤ የእግዜር ሰውነቷ ደግሞ ስልሳ ልሁን ይላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ጠብ ስድስት ዓመት ሙሉ ያበሰልኩት እኔ ነኝ።

ውድድር የምትለው በከንቱ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ዓመት በተከታታይ የአገሪቱ ዋናው ውድድር ላይ ቀርባለች። ሕጉ ግን የነዋሪነት ወረቀት የሌለው ሰው የሚጋጠመው «በእንግድነት» ነው ይላል፤ ውጤቱ አይመዘገብም። መጣል ተፈቅዶለታል፣ ማሸነፍ ግን አልተፈቀደለትም እንደማለት ነው። አንዱን ዓመት አንደኛ ወጣች። ወርቁን ለሁለተኛዋ አጠለቁላት፤ እትዬ ከታች ቆማ አጨበጨበች። ሁለቱን ዓመት ሦስተኛ ወጣች፤ ነሐሱን አራተኛዎቹ ወሰዱ።

ወርቁን የወሰደችው ልጅ ሰፈራችን ባለው ፋርማሲ ትሠራለች። ለልጄ የሳል ሽሮፕ ልንገዛ በገባን ቁጥር እትዬ ባንኮኒው ላይ ደገፍ ትልና፣

«አደራዬ ደህና ነው?»

«ደህና ነው እትዬ። መሳቢያ ውስጥ ነው።»

«አቧራ እንዳይነካው።»

«በየሳምንቱ እወለውለዋለሁ» ትላለች ልጅቷ እየሳቀች። ደግ ልጅ ናት። አንድ ቀን እንደውም ሜዳልያውን በመድኃኒት ከረጢት ጠቅልላ አመጣችና «ውሰጂው፣ ያንቺ ነው» አለቻት። እትዬ ከረጢቱን በእጇ መዘን መዘን አድርጋ መለሰችላት። «ያልተመዘገበ ሜዳልያ ብረት ነው፣ የኔ ልጅ። ብረት ደግሞ ሆስፒታል ሞልቶናል።»

ነገሩ የአንገት ጌጥ ጉዳይ ብቻ አልነበረማ። የክለቧ አሰልጣኝ ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ የተሰፋ አዛውንት ነው፤ ቅዳሜና እሁድ የሚያስተምራቸውን ሴቶችና ሕፃናት ለእሷ ሊያስረክብ ይፈልጋል። «አንቺ ካልያዝሽው ይዘጋል» ብሏታል። ለማስተማር ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ኮርስ የሚቀበለው በዋናው ውድድር ከአንድ እስከ ሦስት ወጥቶ መዝገብ ላይ የሰፈረ ሰው ነው። ለዋናው ውድድር የዕድሜ ጣሪያ ደግሞ ሠላሳ አምስት ነው። እትዬ ዘንድሮ ሠላሳ አምስት ናት። የነዋሪነት ወረቀቷ የመጣው ዘንድሮ ነው። ስትደምሩት አንድ ቀን ይወጣል። አንዲት ቅዳሜ። ያቺ ቅዳሜ ካመለጠች እትዬ የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ ናት፣ ጁዶውም ሻንጣ ውስጥ የሚቆም ልብስ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ «ውድድር አለብኝ» ስትል ዝም አልኳት። ሾርባዋን ያለ ዘይት ሠራሁ፣ ድንቾቹን ከዓይኗ ሸሸግሁ። የሚገርመው ከውድድሩ አንድ ወር ሲቀረው ኪሎዋ ራሱ እሺ አለ። በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ በሩን ሳትዘጋ እንደ ዜና አንባቢ ታውጃለች፦ «ሃምሳ ስድስት ከስምንት መቶ!» የምትመዘነው የቆሸሸ ልብስ በሚመዘንበት በሥራ ቦታዋ ሚዛን ነው፤ መሬት የተቀመጠ፣ ሙሉ ሰው የሚያስቆም፣ ትልቅ ሚዛን።

«የኛ ሚዛን ግን ሃምሳ ስምንት ከስምንት መቶ ነው የሚለው እትዬ» አልኳት።

«የናንተ ሚዛን ወሬኛ ነው።»

«ትናንትም እንደዚያው አለ እኮ።»

«ወሬኛ ነገር ይደጋግማል። ሙሽሪት፣ ያኛው የሆስፒታል ሚዛን ነው! ማኅተም አለው። በዓመት አንዴ መርማሪ መጥቶ ያየዋል። ያንቺውን ማን መረመረው? ልጅሽ ናት ቆማ የምትዘልበት።»

ቦታ አገኘሁ ብላ ማታ ማታ ሁለት ድንች መጨመር ጀመረች። እኔም እሰይ አልኩ፤ ሰው በልቶ ሲከሳ ማየት ደስ ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ደረስን። እኔ፣ ባሌ፣ ልጄና አንድ የምግብ ቦርሳ። ልጅ ይዞ የሚወጣ ሰው ቦርሳው ቀላል አይሆንም። ከሥራ ቦታዋም የልብስ ማጠቢያው አለቃ ሁለት ሴቶች አስከትሎ መጥቷል፤ ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሚዛኑ የሚዘጋው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እትዬ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ እንደ ንግሥት ቀና ብላ ወጣችበት።

መነጽር ያደረገችው መዛኝ አየችና «ሃምሳ ስምንት ከሰባት መቶ» አለች።

እትዬ ወረደች። ተነፈሰች። እንደገና ወጣች።

«ሃምሳ ስምንት ከሰባት መቶ።»

«ሚዛናችሁ ታሟል።»

«ከእርስዎ በፊት አሥራ አንድ ሰው ወጥቶበታል። አንዴም አላሳለም» አለች ሴትዮዋ።

«እኔ ትናንት ሃምሳ ስድስት ከሰባት መቶ ነበርኩ! የሆስፒታል ሚዛን ነው የመዘነኝ! ማኅተም ያለው! አለቃዬ እዚህ ነው፣ ይመስክር!»

አለቃው ከኋላ ራሱን አከከ። «የኛን ሚዛን አምነሽ ነው እንዴ?»

«ታዲያ የማንን ልመን?»

«ካለፈው ወር ጀምሮ እኮ ሁለት ኪሎ እንዲቀንስ አድርገነዋል። ለጆንያው። ጆንያው ራሱ ሁለት ኪሎ ስለሆነ፣ ልብሱን ብቻ እንዲያነብልን ብለን...»

ከሚዛኑ ወርዳ ወደ አለቃዋ ዞረች።

«እኔ ጆንያ ነኝ?» አለች እትዬ።

«ኧረ አልወጣኝም! እኔ እንዲያው...» ሰውየው ወደ ሁለቱ ሴቶች ዞረ። ሁለቱም ጣሪያውን ያያሉ።

ከዚያ በፊት እትዬ ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም ብል ይቀለኛል። ትቀመጣለች፣ ግን እንደምትነሣ ሰው ነው። ያን ቀን የመልበሻ ክፍሉ አግዳሚ ላይ እንደተጣለ ፎጣ ነው ያረፈችው። አሰልጣኙ እያነከሰ መጣ። ሰዓቱን አየ።

«አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ በሠላሳ አምስት ደቂቃ በላብ አይወጣም» አለ። «እግርሽን ካልቆረጥነው በቀር። ሚዛን ሳይዘጋ ግን ወደላይኛው ምድብ መዛወር ይፈቀዳል። ስልሳ ሦስት።»

«እዚያ ያሉት በሮች ናቸው፣ ጋሼ። ሰዎች አይደሉም።»

«በር ይከፈታል» አለና ሄደ። ያ ሰውዬ ከዚህ የረዘመ ምክር ሰጥቶ አያውቅም።

ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ጁዶ አንድም ቀን ሐሳብ ሰጥቼ አላውቅም። የማውቀው ነገር ሒሳብ ነው፤ ስንት አለ፣ ስንት ይበቃል፣ ስንት ይተርፋል። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ስልሳ ሦስት ውስጥ ከገባሽ አራት ኪሎ ከሦስት መቶ ቦታ አለሽ።»

«በምን ልሙላው?»

ቦርሳዬን ከፈትኩት።

እንደ እሷ ሲበላ አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ እንደገና ወጥታ ለስልሳ ሦስት ምድብ ተመዘነችና ስሟን አዛወረች፤ ከዚያ ተቀመጠች። አራት የተቀቀለ እንቁላል። ዳቦ በማር። የባሌ ሩዝ፣ ከነክዳኑ ልትበላው ምንም አልቀራት። ሙዝ፤ ሁለተኛ ሙዝ። ልጄ ሦስተኛው ሙዝ ሲላጥ ስታይ ነገሩ ገባት።

«እማዬ! አክስቴ ሙዜን በላችብኝ!»

«ዝም በይ ልጄ» አልኳት፣ «አክስትሽ ውድድር አለባት።» ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ።

የመጀመሪያዋ ተጋጣሚዋ በጥንካሬም በቁመትም ትበልጣት ነበር። እትዬ ግን በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ ምንጣፍ ላይ ወጥታለች፤ የጠገበ ሰው ሌላ ሰው ነው። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ልጅቷ እትዬ ትከሻ ላይ ዞራ በጀርባዋ አረፈች፣ ሙሉ ነጥብ። የልብስ ማጠቢያው አለቃ ከሁሉ በላይ ጮኸ፤ ጸጸት ያለበት ሰው ድምፁ ያምራል።

በሁለተኛው ግጥሚያ ያገኘቻት የባለፈው ዓመት ሻምፒዮን ናት። ስለሱ ብዙ የሚባል የለም። እትዬን አስተኝታ ሃያ ሰከንድ ያዘቻት፣ አለቀ። ክብርት እትዬ ስትሸነፍ ሁልጊዜ ምክንያት አላት፤ ምንጣፉ ያንሸራትታል፣ ዳኛው ተጣድፏል፣ መብራቱ ዓይን ይወጋል። ስትወርድ ምክንያቱን ልሰማ ጆሮዬን ሰጠሁ።

«ትበልጠኛለች» አለች። «ደግሞ እንዴት ያምርባታል!» ውሃዋን ጠጣች። «አንድ ግጥሚያ ቀርቶኛል።»

ለሦስተኛነት። ካሸነፈች መዝገብ ላይ ናት፤ ከተሸነፈች የትም የለችም።

ያቺ ግጥሚያ ስትጠራ አሰልጣኙ ሌላ ልጅ ይዞ ወደ ሁለተኛው ምንጣፍ ሊሄድ ነው። ግራ ቀኝ አየ። ከአንገቱ ላይ የአሰልጣኝ መታወቂያውን አወለቀና አንገቴ ላይ አደረገው።

«ወንበሩ ባዶ እንዳይሆንባት። ቁጭ በይ። ዳኛው ጨዋታውን ካላቆመ በቀር አፍሽን እንዳትከፍቺ፤ ያስወጡሻል።»

«እኔ? እኔ እኮ ጁዶ...»

«አፍሽን ብቻ ዝጊ።»

ልጄን ለባሌ ሰጠሁ። ባሌ በአንድ እጁ ልጅ ታቅፎ በሌላው በስልኩ ሊቀርጽ ሞከረ፤ በኋላ ስናየው አሥራ አንድ ደቂቃ ጣሪያ ነው። እኔ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ጉልበቴን ገጥሜ ተቀመጥኩ። እትዬ ነጭ ለብሳለች፤ ሌላዋ ሰማያዊ። ሰማያዊዋ እትዬ እንዳለችው በር ናት። እጅ ተነሣሡ።

መጀመሪያ ላይ ጨዋ ነበርኩ። አንድ ደቂቃ ያህል። ከዚያ ሰማያዊዋ የእትዬን እጅጌ ይዛ ስታዞራት ሳላስበው «እግርሽን ሰፋ!» አልኩ። ዳኛው ጨዋታውን አቁሞ በጣቱ ጠቆመኝ። አንድ ማስጠንቀቂያ። እትዬ ቀበቶዋን እያጠበቀች በዓይኗ ገላመጠችኝ፤ «ሙሽሪት!» የሚል ግልምጫ። አፌን በመዳፌ ያዝኩ።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ሰማያዊዋ አደናቅፋ ጣለቻት። በጀርባዋ አልነበረም፣ በጎኗ ነው፤ ግን ወዲያው ከላይ ተኝታ አንገትና ክንዷን አንድ ላይ ቆለፈቻት። ዳኛው እጁን ዘረጋ። የሃያው ሰከንድ ቆጠራ ተጀመረ። ሰሌዳው ላይ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ከዚያ ሁሉ ክምር ሥር የእትዬ ፊት ብቻ ይታየኛል፤ ቀልቷል፤ ዓይኗ ጣሪያውን ነው የሚያየው። ሰባት። ስምንት። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ እዚህ አገር ሰው ተሰብስቦ እያያት ማንም ያልጮኸላት ሴት መሆኗ ያኔ ታየኝ። «እንግዳ» ብለው ሲጽፏት፣ ከታች ቆማ ስታጨበጭብ፣ እኔ ቤት ሆኜ ሾርባ አሞቅ ነበር።

ብድግ ማለቴን አላስታውስም። ወንበሩ ወደኋላ ሲወድቅ ግን ሰምቻለሁ።

«ልቀቂያት!» አልኩ። «አንገቷን ልቀቂ አንቺ! ሰው አላት! ሰው የሌላት መሰለሽ? ሰው አላት እኮ!»

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። አንድ ሰውዬ ከጠረጴዛው መጥቶ ክንዴን ያዘኝ፤ በትሕትና ነው የያዘኝ፣ ግን ይዞኝ ይሄዳል። እኔ እየሄድኩም ወደኋላ «ሰው አላት!» እላለሁ። መታወቂያውን ከአንገቴ አወለቀ። ኮሪደር አወጣኝና በሩን ዘጋው።

በሩ ላይ የደብተር ስፋት ያላት መስታወት አለች። ተለጠፍኩባት። ፊት ለፊት የዳኛው ጀርባ ተገትሯል፤ ከዳኛው ሱሪ ግራና ቀኝ የሚታየኝ እግር ብቻ ነው። ግን እግሮቹ ቆመዋል! አራቱም! አምልጣለች። እንዴት እንዳመለጠች እስከዛሬ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ ባሌ ጣሪያውን እየቀረጸ ነበር። ነጩ እግር ወደፊት፣ ሰማያዊው ወደኋላ። ነጩ ዝቅ አለ። ሰፋ አለ። ከዚያ ሁለት ሰማያዊ እግሮች ቀስ ብለው፣ እንደተጠራ ሰው ተነሥተው ወደ ላይ ሄዱና ጠፉ።

ድምፁ በበሩ ሥር መጣ። መጀመሪያ ምንጣፉ፣ ከዚያ ሰዉ፣ ከዚያ የአለቃው ጩኸት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የልጄ «አክስቴ!»። መስታወቱ በትንፋሼ ደመና ሆነ፤ በእጅጌዬ ብጠርገውም የሚታየኝ አልጠራም፤ ዓይኔ ነበር ለካ።

በሩን ሲከፍቱልኝ እትዬ ከጸሐፊው ጠረጴዛ ፊት ቆማለች፤ ሜዳልያው አንገቷ ላይ ነው፣ እሷ ግን አላየችውም። የምታየው ጸሐፊውን ነው።

«ጻፍከኝ?»

«ጽፌዎታለሁ።»

«በእስክሪብቶ ነው?»

«በኮምፒውተር ነው፣ እመቤት።»

«እንግዲያው አትምልኝና ልየው።»

አተመላት። ጣቷን እየጎተተች መስመር በመስመር ወረደች። ስሟ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ከፊቱም ከኋላውም «እንግዳ» የሚል የለም። ሁለቴ አነበበችው፣ ወረቀቱን ለባሌ ሰጠችው፣ እሱም አነበበው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና ኮሌታዬን ጨመደደች። የምትጥለኝ መስሎኝ አገጬን ወደ ደረቴ ሰበሰብኩ። ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችና ቆየች። ከበደችኝ፣ ስልሳ ሦስት ኪሎ ሳትሞላ አትቀርም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከፌዴሬሽኑ ሁለት ፖስታ መጣ። አንደኛው የእትዬ ነው፦ የውጤት ወረቀትና የአሰልጣኝነት ኮርሱ የሚጀመርበት ቀን። ሁለተኛው የእኔ ነው። ባሌ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው።

«"በዕለቱ የአሰልጣኝ ወንበር ላይ የተቀመጡት ግለሰብ አንድ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ከተሰጣቸው በኋላ፣ ጨዋታው ሳይቆም ከመቀመጫቸው በመነሣት፣ ተወዳዳሪዋን በተመለከተ «ሰው አላት» በማለት አራት ጊዜ ስለጮኹ፣ ለአንድ ዓመት በአሰልጣኝ ወንበር ላይ እንዳይቀመጡ ታግደዋል። ውሳኔው በመዝገብ ሰፍሯል።"» ወረቀቱን አጠፈው። «አንድ ዓመት በዛ! እሷ እኮ አሰልጣኝም አይደለችም። ይግባኝ ማለት አለብን።»

እትዬ ዳቦዋን አስቀምጣ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችው። ለራሷ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው፤ አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ።

«ምኑን ነው ይግባኝ የምትለው?» አለችው። «ልክ ነው እኮ የተጻፈው።»